ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፦ በክርክርና ባልተዘጋጁበት ንግግር መካከል

በክፍል ውስጥ ከሚደረጉት የንግግር መልመጃዎች ሁለቱን ታውቋቸዋላችሁ። አንደኛው ክርክር ነው። ክፍሉ በሁለት ወገን ይከፈላል፤ ከትምህርትና ከገንዘብ፣ ከብዕርና ከጎራዴ፣ ወይም ከከተማና ከገጠር ኑሮ የትኛው ይበልጣል የሚል ርእስ ይሰጣል። ተከራካሪዎቹ ወገናቸውን የሚይዙት ብዙውን ጊዜ በዕጣ ነው እንጂ በእምነታቸው አይደለም። ዳኞችም ነጥብ ሰጥተው አሸናፊውን ይለያሉ። ሁለተኛው ያለ ዝግጅት የሚደረግ ንግግር ነው። ተማሪው ከተጣጠፉት ወረቀቶች አንዱን ያነሣል፤ ርእሱን ያነባል፤ ለጥቂት ደቂቃ አስቦ በጓደኞቹ ፊት ይቆማል። እዚህ ላይ ባላጋራ የለም፤ የሚደግፍ ጓደኛም የለም። ከሁለቱ ለኑሮ ይበልጥ የሚጠቅመው የቱ ነው የሚለው ጥያቄ በአሶሳም ሆነ በጎንደር፣ በአዲስ አበባም ሆነ በሐረር በተማሪዎች ዘንድ ይነሣል። ቀጥሎ የምታነቡት የሕይወት ታሪክ በሁለቱም የተፈተኑ የአንድ ሰው ታሪክ ነው። እኚህ ሰው በቆሙበት አደባባይ የቀረበው ርእስ የአገራቸው ነፃነት ነበር።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር መገንዘብ ያስፈልጋል። ሁለቱም የንግግር ዓይነቶች ከውጭ አገር በትምህርት ቤት በኩል ብቻ የመጡ አይደሉም። በቀድሞው ዘመን ሁለት ባለጉዳዮች በዳኛ ፊት ቆመው በላ ልበልሃ እየተባባሉ በሚሟገቱበት ጊዜ ነገሩ ሙሉ ክርክር ነበር። ተሟጋቹ ኩታውን አደግድጎ፣ በትሩን ጨብጦ፣ ድምፁን እያነሣና እየጣለ ይናገራል፤ ለቃሉ እውነተኛነት ማር ወይም በቅሎ ወይም ፈረስ እሰጥ አገባ ይገጥማል። የተረታው የተወራረደበትን ይከፍላል። ዳኛ ሩቅ ከሆነም መንገደኛ ተለምኖ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይፈርድ ነበር። በጉሙዝ ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ማንጊማ በሚባለው ሥርዓት ሽማግሌዎች ተሰብስበው የተጣሉትን ወገኖች ቃል በየተራ ይሰማሉ። ያልተዘጋጁበት ንግግርም ቢሆን ባለቤት አለው። በቅኔ ቤት ያደገ ተማሪ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ቢደግመው ያፍራል፤ በዓሉንና ሰዓቱን ተመልክቶ አዲስ ቅኔ ሊዘርፍ ይገባዋል። እንግዲህ የምንናገርላቸው ሰው የተወለዱት እነዚህ ሁለት ልማዶች በሚከበሩበት አገር ነው።

ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በሰያ ደብር ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። ሐረር በዚያን ጊዜ አረብ፣ ህንድ፣ ግሪክና ፈረንሳዊ ነጋዴ የሚመላለስባት፣ ብዙ ቋንቋ የሚሰማባት ከተማ ስለነበረች ለንቁ ልጅ ራሷ ትምህርት ቤት ነበረች። በ1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በመጣ ጊዜ ራስ መኰንን ወደ ሰሜን ሲዘምቱ የዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ዕድሜ የነበራቸው ተክለ ሐዋርያት አብረው ሄዱ። ስለዚህ የካቲት 23 ቀን በዓድዋ የሆነውን በዓይናቸው ካዩት መካከል ናቸው። ከአርባ ዓመት በኋላ ከዚያው ከኢጣልያ መንግሥት ጋር በቃል ሊሟገቱ እንደሚቆሙ በዚያ ቀን ማንም ሊገምት አይችልም ነበር።

ከዓድዋ ድል በኋላ ሊዮንቲየፍ የሚባለው የሩስያ መኰንን ልጁን ይዞ ወደ ሩስያ አገር ሄደ። ተክለ ሐዋርያት በአንድ የሩስያ ኮሎኔል ቤተሰብ መካከል አደጉ፤ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ፣ በሚካኤል የመድፈኞች ትምህርት ቤት ተምረው በመኰንንነት ተመረቁ። የመድፈኛ ትምህርት ከንግግር ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ይኖር ይሆናል። ሆኖም መድፈኛ ከመተኮሱ በፊት ርቀትን ይለካል፤ ኢላማውን ያውቃል፤ የነፋሱን አቅጣጫ ይመለከታል። በኋላ በኖሩበት የመንግሥት ሥራ ሁሉ ይህ የመለካት ልማድ አልተለያቸውም። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት፣ ከሩስያ ይዘው ከመጡት ዕውቀት ሁሉ የጠቀማቸው ይህ ነው።

እርሳቸው በሩስያ በሚማሩበት ጊዜ ያሳደጓቸው ራስ መኰንን ሌላ ዘመቻ ላይ ነበሩ። በ1890 ዓ.ም. ጦራቸውን እየመሩ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቤኒ ሻንጉል ወርደው አሶሳንና አካባቢውን በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር አስገቡ። ይህን እዚህ ላይ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ተክለ ሐዋርያት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ቀጥሎም ወደ ፈረንሳይና ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው የእርሻ ትምህርት ተከታተሉ። አውሮፓን አይቶ የተመለሰ ወጣት በዚያን ዘመን ሁለት ዓይነት ጭንቀት ነበረበት። ያየውን ሁሉ ቢናገር አገሩን የናቀ ይባላል፤ ዝም ቢል ደግሞ ትምህርቱ ከንቱ ይሆናል። ተክለ ሐዋርያት ዝም አላሉም። ነገር ግን በግንባር ለመናገር የማይመች ጊዜ ስለነበረ የተረትን መንገድ መረጡ። በ1910ዎቹ ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ የተባለውን ተውኔት ጽፈው በአዲስ አበባ በመኳንንቱ ፊት እንዲታይ አደረጉ። ይህም በአገራችን የዘመናዊ ተውኔት መጀመሪያ ሆኖ ይቆጠራል። እንስሳቱ በሚነጋገሩት ነገር ውስጥ የመንግሥቱ ሥራ ድክመት፣ ጉቦና ስንፍና ተገልጦ ይታይ ነበር። ተመልካቾቹ ነገሩ ገባቸው፤ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም ተውኔቱ እንዳይታይ ከለከሉ። ተውኔቱ ክርክር አልነበረም፤ መልስ የሚሰጥ ባላጋራም አልቆመበትም። ጸሐፊው ከልባቸው ያመኑበትን ስለ ገዛ ቤታቸው ተናገሩ፤ ዋጋውንም ከፈሉ።

ከዚያ በኋላ በጅጅጋ፣ ቀጥሎም በጨርጨር አገረ ገዢ ሆነው ሠሩ። በጨርጨር አስበ ተፈሪ የተባለችውን ከተማ ቆረቆሩ፤ የግብሩንና የዳኝነቱን አሠራር በሥርዓት ለማስያዝ ደከሙ። ለንግግር ሰው ይህ ዓይነቱ ሥራ ትልቅ ስንቅ ነው። የገበሬን አቤቱታ በየቀኑ የሰማ ሰው፣ የመሬት ሙግትን ከሥሩ የመረመረ ሰው፣ ድንገት ተነሥ ተናገር ሲባል የሚያወጣው ነገር ከውስጡ አያጣም። ያለ ዝግጅት የተባለው ንግግር በእውነት ያለ ዝግጅት የሆነበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ዝግጅቱ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ስለ ንግግር ሳይታሰብ የተደረገ ነው።

በ1923 ዓ.ም. ሐምሌ 9 ቀን የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ታወጀ። ረቂቁን ያዘጋጁት ያን ጊዜ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ነበሩ፤ በአብዛኛው የጃፓንን የ1889 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት ተከትለው ነው ያዘጋጁት። በዕለቱ በመኳንንቱና በመሳፍንቱ ፊት ቆመው የሕጉን ምንነት አስረዱ። ይህ ንግግር በጥንቃቄ የተዘጋጀ ነበር። ሰሚዎቹም ብዙዎቹ ሥልጣናቸው በዚያ ሕግ ሊቀነስ የሚችል ሰዎች ነበሩና ቃል ሁሉ እየተመዘነ መነገር ነበረበት። ሕገ መንግሥቱ ለሕዝቡ የሰጠው መብት ጥቂት ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን ግን አጠናክሯል። ይህን ዛሬ ለሚያነብ ተማሪ መሰወር አይገባም።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። አባልነቱ የተገኘው ያለ ሙግት አልነበረም፤ በአገሪቱ የባሪያ ንግድ አለ የሚለው ክስ ዋነኛው እንቅፋት ነበር። በዚያው ዓመት ባሮች ነፃ የሚወጡበትን መንገድ የሚደነግግ ዐዋጅ ወጣ፤ በ1923 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ተጨመረበት። ዐዋጁ ግን በየጠረፉ በእኩል አልደረሰም።

እዚህ ላይ አሶሳ ትመጣለች። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 660 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከሱዳን ጠረፍ አጠገብ የምትገኘው ይህች አገር በወርቋ የታወቀች ነበረች፤ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተደረገው የወሰን ውልም በኢትዮጵያ በኩል ጸናች። የአሶሳው ገዢ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ከራስ መኰንን ዘመቻ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ታስረው ከቆዩ በኋላ ተፈትተው፣ ወርቅ እየገበሩ ለረጅም ዘመን ገዙ፤ በአዲስ አበባ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር እስከ ዛሬ ስማቸውን ይዞ ይገኛል። ሆኖም ከወርቁ ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ከበርታ፣ ከጉሙዝ፣ ከማኦና ከኮሞ ሕዝብ መካከል ብዙ ሰው ከመንደሩ ተነጥቆ በባርነት ተወስዷል። በ1920 ዓ.ም. ገደማ የሼህ ሆጀሌ ባለቤት ሲት አምና ከጠረፉ ማዶ በባሪያ ንግድ ተከሰው በሱዳን መንግሥት ተያዙ፤ ነገሩም በእንግሊዞች መዝገብ ገብቶ እስከ አውሮፓ ተሰማ። እንግዲህ በጄኔቭ የሚቆመው ጠበቃ ምንም ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆን፣ ከኋላው በአሶሳ ዱር የተነጠቁት ሰዎች ነገር አለበት።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ተነሣ። ኢጣልያ ይህን ምክንያት አድርጋ ጦሯን ወደ ኤርትራና ወደ ሶማልያ ማጓጓዝ ያዘች። ኢትዮጵያ ነገሩን ወደ መንግሥታት ማኅበር አቀረበች። ሙግቱን በማኅበሩ ሸንጎ ፊት እንዲይዙ ከተላኩት መልእክተኞች ዋናው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ነበሩ። የሕግ አዋቂ የሆኑት የፓሪሱ መምህር ጋስቶን ጄዝ ደግሞ በሕግ በኩል ይረዷቸው ነበር።

ሙግቱ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ በአንድ ርእስ ዙሪያ የተወሰነ ነበር። ወልወል የማን ነው፣ መጀመሪያ የተኮሰው ማን ነው፣ በ1920 ዓ.ም. የተፈረመው የወዳጅነት ውል ምን ያዛል የሚል ነው። ይህ ለተከራካሪ ምቹ ነው፤ ሰነዱ ተሰብስቧል፣ ካርታው ተዘርግቷል፣ ባላጋራው የሚለውም አስቀድሞ ይታወቃል። የወልወልን ጉዳይ እንዲመረምር የተመረጠው የሽምግልና ጉባኤም ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. ከሁለቱ መንግሥታት አንዱም ተጠያቂ አይደለም ሲል ፈረደ። በርእሱ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር።

በማግሥቱ፣ ነሐሴ 29 ቀን፣ የኢጣልያው መልእክተኛ ባሮን አሎይዚ በሸንጎው ላይ ወፍራም ጽሑፍ አቀረቡ። ጽሑፉ ስለ ወልወል የሚናገረው ጥቂት ነበር። ኢትዮጵያ ባሪያ ትሸጣለች፣ በግዛቷ ሥርዓት የለም፣ የያዘቻቸውን ሕዝቦች ትበድላለች፣ ስለዚህ ከሠለጠኑ መንግሥታት ጋር በእኩልነት ልትቀመጥ አይገባትም የሚል ነበር። ርእሱ በአንድ ጊዜ ተለወጠ። የወሰን ክርክር ይዘው የመጡት መልእክተኞች አስቀድመው ያላዩትን ክስ እዚያው ተቀበሉ። ተማሪ ሆይ፣ በዕጣ ከተጣጠፈው ወረቀት አንዱን አንሥተህ ስትገልጥ የሚሰማህን ድንጋጤ አስብ፤ ከዚያም የሚሰሙህ ጓደኞችህ ሳይሆኑ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ሚኒስትሮች እንደሆኑ አድርገህ ቁጠረው።

የክርክር ልማድ በዚህ ጊዜ የሚያስተምረው ጠቃሚ ነገር አለ። መጀመሪያ ርእሱን መመለስ ነው፦ የአባል መንግሥት የውስጥ ጉድለት ለጦርነት ምክንያት ሊሆን እንደማይችል ማሳየት ነው። ቀጥሎ የባላጋራን ወገን መመርመር ነው፦ ኢትዮጵያ ወደ ማኅበሩ በገባች ጊዜ ኢጣልያም ድምፅ ሰጥታ ነበርና ጉድለቱ ከዚያ በኋላ የተፈጠረ አይደለም። በሕግ በኩል እነዚህ ጠንካራ መልሶች ናቸው። ጄዝ መልስ ለመስጠት በተነሡ ጊዜ አሎይዚ አዳራሹን ጥለው ወጡ። ተከራካሪ ባላጋራው ተነሥቶ ሲሄድበት ምን ያደርጋል? በትምህርት ቤት ክርክር ይህ አይደርስም፤ ቢደርስም የወጣው ወገን ተሸናፊ ይባላል። በጄኔቭ ግን የወጣው ሰው በማግሥቱ እንደ ተከበረ ተመልሶ ተቀመጠ።

የክርክር ድክመትም እዚህ ላይ ይታያል። ጠበቃ ለወገኑ የቆመ ነው፤ ወገኑ የበደለውን ሁሉ አጥርቶ ቢናገር ሙግቱን ለባላጋራው አሳልፎ ይሰጣል። ፋቡላን የጻፉት ሰው የመንግሥታቸውን ጉድለት ከማንም የተሻለ ያውቁ ነበር፤ በጨርጨር ሊያቃኑት የደከሙበት ጉዳይ ነውና። በጄኔቭ ወንበር ላይ ግን ስለ ገዛ ቤታቸው እንደ ፋቡላ ጸሐፊ መናገር አልቻሉም። ከሳሹ የሶማልያንና የሊቢያን ሕዝብ በጉልበት የያዘ መንግሥት መሆኑ እውነት ነው፤ በቤኒ ሻንጉል ሰው መነጠቁም እውነት ነው። ሁለቱ እውነቶች በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሲገናኙ የመጀመሪያው ሁለተኛውን አያጠፋውም። በወቅቱ ከአሶሳ ወይም ከጉሙዝ አገር የመጣ ማንም በዚያ ሸንጎ አልቆመም፤ ስለ እነዚያ ሰዎች መከራ የተናገረው የራሱን ጦር በመርከብ የጫነው መንግሥት ብቻ ነበር። ይህ ምናልባት በነገሩ ሁሉ ውስጥ እጅግ የሚያሳዝነው ነው።

የኢትዮጵያ ወገን ከዚህ ወጥመድ ለመውጣት የመረጠው መንገድ ግን የሚደነቅ ነው። ክሱን በቃል ብቻ ከመካድ ይልቅ ገለልተኛ ታዛቢዎች መጥተው ሁኔታውን በዓይናቸው እንዲያዩ ጠየቀ። ጦሩንም ግጭት እንዳይነሣ ከወሰኑ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሳበ። ሰው በቃሉ ሲጠረጠር ለምርመራ ራሱን ማቅረቡ ከብዙ ማስረጃ የበለጠ ይናገራል። ታዛቢዎቹ ግን አልተላኩም።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ከአራት ቀን በኋላ፣ መስከረም 26 ቀን፣ የማኅበሩ ሸንጎ ተሰበሰበ፤ ተክለ ሐዋርያትም በኢትዮጵያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። የሸንጎው አባላት እያንዳንዳቸው ተጠየቁ፤ ከኢጣልያ በቀር ሁሉም ኢጣልያ የማኅበሩን ቃል ኪዳን አፍርሳ ወደ ጦርነት መግባቷን አመኑ። መስከረም 30 ቀን በጠቅላላ ጉባኤው 50 መንግሥታት በዚህ ተስማሙ። በትምህርት ቤት ሚዛን ቢለካ ከዚህ የበለጠ የክርክር ድል የለም። በበላ ልበልሃ ሥርዓት ቢሆን የተረታው በቅሎውን አስረክቦ ይሄድ ነበር። እዚህ ግን ፍርዱን የሚያስፈጽም አልተገኘም። የንግድ ማዕቀብ ተጣለ፤ ነገር ግን ነዳጅ ዘይት ከዝርዝሩ ውጭ ሆነ፤ የስዊዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ። የሕጉ መምህር ጄዝም ለኢትዮጵያ በመቆማቸው በፓሪስ በራሳቸው ተማሪዎች ዘንድ ሁከት ተነሣባቸው፤ ትምህርታቸውን ማስተማር እንኳ ተቸገሩ። ክርክር ተከራካሪን ብቻ ሳይሆን ዳኛንም ይፈልጋል፤ ተክለ ሐዋርያት ያጡት ሁለተኛውን ነው።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በማኅበሩ ጉባኤ ፊት በአማርኛ ንግግር ባደረጉ ጊዜ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማዕቀቡ ተነሣ። ተክለ ሐዋርያት ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በብዙ ነገር አልተስማሙም፤ የወረራውን ዘመንና ከዚያም በኋላ ያሉትን ብዙ ዓመታት በስደት፣ አብዛኛውን በማዳጋስካር ደሴት አሳለፉ።

በጄኔቭ ስሟ በክስ መዝገብ የነበረው ያች የምዕራብ ጠረፍም የራሷን ቀን አየች። ሼህ ሆጀሌ በኢጣልያ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ ሞቱ። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. ከቤልጅግ ኮንጎ ተነሥቶ በሱዳን በኩል የመጣ ጦር አሶሳን ከኢጣልያኖች እጅ አስለቀቀ። ወታደሮቹ ኮንጎዎች ነበሩ፤ ራሳቸው በቅኝ ግዛት ሥር የሚኖሩ ሰዎች የሌላውን አገር ነፃ ሊያወጡ አፍሪካን አቋርጠው መጡ። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነትን ፈጽሞ የሚሽር ዐዋጅ ወጣ። ጄኔቭ ላይ በቃል ያልተፈታው ነገር በከፊል በዚህ መንገድ ተፈታ፤ በመንደሮቹ ውስጥ የቀረው ጠባሳ ግን በዐዋጅ የሚሽር አልነበረም።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት አገሪቱ ነፃ ከወጣች ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመለሱ። ወደ ቤተ መንግሥት አልቀረቡም። ቀድሞ አገረ ገዢ በነበሩበት በጨርጨር፣ በሂርና፣ እርሻ ይዘው ተቀመጡ፤ በወጣትነታቸው በአውሮፓ የተማሩትን የእርሻ ዕውቀት በእርጅናቸው ተጠቀሙበት። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም አርአያ የተባለውን ልብ ወለድ ጽፎ የታወቀ ደራሲ ሆኗል። ከእርሻው ሥራ ባገኙት ጊዜ ፊታውራሪ የሕይወት ታሪካቸውን ጻፉ። በዚህ መጽሐፍ የሚወክሉት መንግሥት አልነበረም፤ የሚጠብቁት ባላጋራም ሆነ ነጥብ የሚሰጥ ዳኛ አልነበረም። ስለ ዓድዋ፣ ስለ ሩስያ፣ ስለ ቤተ መንግሥቱ ተንኮልና ስለ ራሳቸው ስሕተት ያሰቡትን ጻፉ። በ1969 ዓ.ም. በዘጠና ሦስት ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው ሲያርፉ ጽሑፉ ገና አልታተመም ነበር፤ ለአንባቢ የደረሰው ከዓመታት በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ባሳተመው ጊዜ ነው።